ለልጆች ስፒች ቴራፒ የሚመደበው ገንዘብ ለምን ዘግይቶ ይደርሳል?

በ2019 የእንግሊዝ የልጆች ኮሚሽነር ቢሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ተነሳ። እያንዳንዱ አካባቢ ለልጆች የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ስንት ያወጣል? (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መልሱ ከየቦታው ተሰብስቦ ለልጆቹ ቁጥር ሲካፈል የወጣው ልዩነት ያስደነግጣል። ብዙ የሚያወጡት ሩብ ያህሉ አካባቢዎች ለአንድ ልጅ ቢያንስ 16 ፓውንድ ከ35 ፔንስ ይመድቡ ነበር። ጥቂት የሚያወጡት ሩብ ያህሉ ግን 58 ፔንስ ወይም ከዚያ በታች።

በእርግጥ ይህ ሒሳብ ገንዘቡ በአካባቢው ላለ ልጅ ሁሉ ሲካፈል ነው። ሕክምናው የሚያስፈልገው ከመካከላቸው ለተወሰኑት ነው። ያ ግን ልዩነቱን አያጠበውም። አገሩ አንድ ነው፤ ሕጉም አንድ ነው። የልጆቹ ችግር አንድ ዓይነት ነው። የተለየው የሚኖሩበት ካውንስል፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደር፣ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ከማስረዳቴ በፊት እኔ የማምንበትን ልናገር። ችግሩ የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም። የካውንስል ገንዘብ የሚሄደው ሕግ ወደሚያስገድድበት ነው። ሕጉ ደግሞ አጥብቆ የሚያስገድደው ልጁ ከእኩዮቹ በጣም ወደኋላ ከቀረ በኋላ ነው። ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ ብዙ በሚሠራበት ዕድሜ ላይ እጅ ይሰበሰባል። ልጁ አድጎ ነገሩ ሲከብድ ግን ብዙ ተከፍሎም የሚገኘው ለውጥ ጥቂት ነው።

እነማን ናቸው እነዚህ ልጆች?

ስፒች ቴራፒ ሲባል ብዙዎቻችን ፊት የሚመጣው "ር"ን "ል" እያለ የሚኮላተፍ ልጅ ነው። ወይ የሚንተባተብ። እነሱም አሉ። ብዙዎቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። ድምፁ የጠራ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ነገር ግን የሚነገረውን በሙሉ መያዝ የማይችል ልጅ አለ። መምህሯ "መጽሐፍህን ቦርሳህ ውስጥ ክተት፣ ጃኬትህን ልበስ፣ ከዚያ በሩ ጋ ተሰለፍ" ትለዋለች። እሱ ጆሮው ላይ የቀረችው "በሩ ጋ" የምትለው ብቻ ናት። ሮጦ በሩ ጋ ይቆማል። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ፣ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። እሷ "ይሄ ልጅ አይሰማም" ትላለች። እሱ ግን የሰማውን አድርጓል።

ባለሙያዎች ይህን የቋንቋ እድገት መዛባት ይሉታል። በሰሪ ካውንቲ ትምህርት በጀመሩ ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። በሌላ የታወቀ ሕመም ሊብራራ የማይችል የቋንቋ ችግር ያለባቸው ልጆች 7.6 በመቶ ያህል ሆነው ተገኙ። 30 ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ሁለት ልጅ ማለት ነው። ከሌላ የታወቀ ችግር ጋር የተያያዘው ሲታከልበት ቁጥሩ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል።

ትንሽ ቁጥር አይደለም። ግን ከውጭ አይታይም። ልጁ ማንበብ ሲያቅተው ሰነፍ ይባላል። ያልገባውን ነገር ሲሸሽ አስቸጋሪ ይባላል። በፍትሕ ሥርዓቱ ውስጥ ከሚገኙ ወጣቶች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የመግባባት ችግር እንዳለባቸው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ብዙዎቹ እዚያ እስኪደርሱ ድረስ ችግራቸውን ያየላቸው ሰው አልነበረም። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያ በሩ ጋ የቆመው ልጅ ይመጣብኛል።

ከፋዩ ማነው?

ወላጅ ይህን ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ በክብ ይዞራል። ካውንስሉ "የጤና ጉዳይ ነው፣ ኤንኤችኤስን (የመንግሥት የጤና አገልግሎቱን) ጠይቁ" ይላል። ኤንኤችኤስ "ትምህርት ቤት የጀመረ ልጅ ስለሆነ ካውንስሉን" ይላል። ትምህርት ቤቱ ሁለቱንም ይጠቁማል። የሚገርመው ሦስቱም በከፊል ልክ መሆናቸው ነው። ገንዘቡ ከብዙ ኪስ ነው የሚወጣው።

አንደኛው ኪስ የኤንኤችኤስ ነው። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የየአካባቢው የጤና በጀት በተቀናጁ የጤና ቦርዶች እጅ ነው። ገና ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች የሚሰጠው የክሊኒክ አገልግሎት በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚከፈለው። በዚህ በኩል ወረፋው ረጅም ነው። ለማኅበረሰብ ጤና አገልግሎት ከሚጠብቁ ልጆች መካከል ስፒች ቴራፒ የሚጠብቁት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

ሁለተኛው የካውንስሉ የሕዝብ ጤና ገንዘብ ነው። የሕፃናትን እድገት የሚከታተሉት ነርሶች፣ ሄልዝ ቪዚተሮች፣ የሚከፈሉት ከዚህ ነው። ኃላፊነቱ ወደ ካውንስል የተዛወረው በጥቅምት 2015 ነው። ልጁ ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ የሚደረግለት ምርመራ የእነሱ ሥራ ነው። አፉን ያልፈታ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በባለሙያ ዓይን የሚታየው እዚያ ነው። ከተዛወረ ወዲህ ግን ገንዘቡ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሲመዘን ቀንሷል። የሄልዝ ቪዚተሮቹም ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል።

ሦስተኛው የትምህርት ቤቱ የራሱ በጀት ነው። ለአንድ ልዩ ፍላጎት ላለው ልጅ ተጨማሪ ድጋፍ እስከ 6,000 ፓውንድ ድረስ ያለውን ትምህርት ቤቱ ከራሱ እንዲሸፍን ይጠበቃል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት በዚህ ገንዘብ ከኤንኤችኤስ ወይም ከግል ድርጅት የቴራፒስት ቀናት ይገዛል። አንዳንዱ አቅሙ የለውም።

አራተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ የከፍተኛ ፍላጎት በጀት ይባላል። ማዕከላዊ መንግሥት ለትምህርት ከሚልከው ገንዘብ ለዚህ ተለይቶ ለካውንስሉ የሚሰጥ ነው። ኢኤችሲ ፕላን (ለልጁ የሚገባውን የትምህርት፣ የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ድጋፍ የሚዘረዝር ሕጋዊ ሰነድ) ላላቸው ልጆች የሚከፈለው በዋናነት ከዚህ ነው።

የ2014ቱ የልጆችና ቤተሰቦች ሕግ ካውንስልና ጤና ተቀምጠው በጋራ እንዲያቅዱ ያዝዛል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በተግባር ግን ሁለት በጀት፣ ሁለት አለቃ፣ ሁለት የኮምፒውተር ሥርዓት አለ። ከእያንዳንዳቸው ጀርባ ደግሞ የየራሱ ጉድለት አለ። ከኪሶቹ አንዱ ገንዘብ ባወጣ ቁጥር የሚድነው ሌላው ኪስ ነው። ሄልዝ ቪዚተር ላይ የወጣ ገንዘብ ከስድስት ዓመት በኋላ የከፍተኛ ፍላጎት በጀቱን ያሳርፋል። የጤና ቦርዱ ለሕፃናት ክሊኒክ ያወጣው ገንዘብ የትምህርት ቤቱን ወጪ ያቀላል። ይህ ለሕዝብ ጥሩ ነው። የራሱን ዓመታዊ ሒሳብ መዝጋት ላለበት ኃላፊ ግን አይታየውም።

አንድ ቃል የሚወስነው ነገር

ሕጉ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወላጆች ብዙ የሚጎዱት እዚህ ነውና።

ስፒች ቴራፒ ትምህርት ነው ወይስ ሕክምና? ጥያቄው የፍልስፍና ይመስላል። ግን ካውንስል የመክፈል ግዴታ ያለበትና የሌለበት በዚህ ይለያል። በ1989 በላንካሻየር ካውንቲ ካውንስል ላይ በቀረበ ክስ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስፒች ቴራፒ ልዩ የትምህርት ድጋፍ ሊሆን እንደሚችል ፈረደ። የ2014ቱ ሕግ ደግሞ ጨምሮ አስቀመጠው። ልጁን የሚያስተምር ወይም የሚያሠለጥን የጤና አገልግሎት እንደ ትምህርት ድጋፍ ይቆጠራል ይላል። በ2015 የወጣው መመሪያ ይህንኑ ያብራራል። መግባባት ለመማር መሠረት ስለሆነ ስፒች ቴራፒ የተለየ ምክንያት ከሌለ በስተቀር በትምህርት ድጋፍነት ይመዝገብ ይላል።

ይህ ምን ማለት ነው? በኢኤችሲ ፕላን ውስጥ ክፍል ኤፍ የሚባል አለ። የትምህርት ድጋፍ የሚጻፍበት ነው። እዚያ የተጻፈውን ነገር ካውንስሉ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የሕጉ አንቀጽ 42 "ገንዘብ የለኝም" የሚል መልስ አይቀበልም። ኤንኤችኤስ ቴራፒስት ከሌለው ካውንስሉ ከግል ቀጥሮ ማቅረብ አለበት። ክፍል ጂ የሚባለው ደግሞ ለጤና ነው። የእሱ ኃላፊ የጤና ቦርዱ ነው። በዚህ ክፍል ላይ ወላጅ ቢከራከር እንዲህ ያለውን ይግባኝ የሚዳኘው የልዩ ፍላጎት ትሪቡናል ምክር መስጠት እንጂ ማስገደድ አይችልም። በክፍል ኤፍ ላይ ግን ያስገድዳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ገጽ ሲዛወር የልጁ መብት አብሮ ይዛወራል።

ሁለተኛው ወጥመድ አጻጻፉ ነው። "ስፒች ቴራፒ የማግኘት ዕድል ይኖረዋል" ተብሎ የተጻፈ ፕላን ምንም አይሰጥም። "እንደ አስፈላጊነቱ"፣ "በየጊዜው"፣ "የባለሙያ ምክር ታክሎበት" የሚሉትም እንደዚያው። መመሪያው ድጋፉ ዝርዝርና ግልጽ፣ በአብዛኛውም በቁጥር የተቀመጠ እንዲሆን ይጠይቃል። "በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ45 ደቂቃ፣ ለብቻው፣ በተመዘገበች ቴራፒስት" ተብሎ የተጻፈ ነገር ሊቆጠር ይችላል። የሚቆጠር ነገር ሲጎድል ይታወቃል። ካውንስሎች ልቅ ቃላት የሚወዱት በክፋት ነው ብዬ አላስብም። የሠራተኛ እጥረት አለባቸው፤ የማይፈጽሙትን ቃል መጻፍ ያስፈራቸዋል። ግን ፍርሃቱን የሚከፍለው ልጁ ነው።

ወላጆች ይህን እየተረዱ መጥተዋል። በ2023–24 ወደ ትሪቡናሉ የቀረበው ይግባኝ ከ20 ሺህ በልጧል። ውሳኔ ላይ ከደረሱት ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ በከፊል ለወላጅ ተፈርደዋል። ይህን ቁጥር አንዳንዱ ሰው "ሥርዓቱ ይሠራል" ብሎ ያነበዋል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የማየው። ይግባኝ ለማለት ጊዜ፣ ጠንካራ እንግሊዝኛና የደብዳቤ ፋይል ይጠይቃል። አንዳንዴም ለግል ቴራፒስት ሪፖርት የሚከፈል ገንዘብ። ይህ ሁሉ ያላት እናት ታሸንፋለች። በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ፣ የደረሳትን ደብዳቤ ለማንበብ ሰው የምትለምን እናት ልጅስ? ያ ልጅ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ጉድጓዱ

አሁን ካውንስሎቹን ከውስጥ እንያቸው። በጥር 2015 ኢኤችሲ ፕላን ወይም ከእሱ በፊት የነበረው ሰነድ የነበራቸው ልጆችና ወጣቶች 240 ሺህ ያህል ነበሩ። በጥር 2024 ቁጥሩ 576 ሺህ ደረሰ። በጥር 2025 ደግሞ ከ638 ሺህ በለጠ። ብሔራዊ ኦዲት ቢሮ በጥቅምት 2024 ባወጣው ሪፖርት የከፍተኛ ፍላጎት በጀቱ በ2024–25 10.7 ቢሊዮን ፓውንድ መድረሱን ገልጿል። የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ እንኳ በአሥር ዓመት ውስጥ 58 በመቶ አድጓል ማለት ነው።

ገንዘቡ አድጓል። ጉድለቱም አድጓል። ይኸው ሪፖርት የካውንስሎቹ የተጠራቀመ ጉድለት በመጋቢት 2026 ከ4.3 እስከ 4.9 ቢሊዮን ፓውንድ ሊደርስ እንደሚችል ገምቶ ነበር። ካውንስሎቹ እስካሁን በይፋ ያልከሰሩት አንድ የሒሳብ ፈቃድ ስላላቸው ነው። ይህ ጉድለት ከሌላው ሒሳባቸው ተለይቶ እንዲቀመጥ ከ2020 ጀምሮ ተፈቅዷል። ፈቃዱ በየጊዜው እየተራዘመ አሁን እስከ መጋቢት 2028 ደርሷል። ዕዳው ግን እውነተኛ ነው፤ ወለዱም ይከፈላል።

እንዲህ ያለ ካውንስል የበጀት ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ ምን ያደርጋል? የሚቆረጥ ይፈልጋል። ክፍል ኤፍ ላይ የተጻፈውን መቁረጥ ሕገ ወጥ ነው። የልጆች ጥበቃን መንካት አይችልም። የአረጋውያን እንክብካቤም ግዴታ ነው። የቀረው በሕግ ያልታሰረው ነው። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚያወሩ የሚያሳየው የጨዋታ ቡድን። በመዋዕለ ሕፃናት እየዞረች መምህራንን የምታሠለጥነው ቴራፒስት። ፕላን የሌላቸውን ልጆች ለስድስት ሳምንት በቡድን የምታይ ባለሙያ። እነዚህ ሁሉ "ቢኖሩ ጥሩ" ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። መቀስ መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው።

ከዚያስ? የቡድን ድጋፉ የተዘጋበት ልጅ አይጠፋም። ያድጋል። አምስት ዓመት ሲሆነው ማንበብ ይከብደዋል፤ ስምንት ሲሞላው ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያስጠላዋል። ወላጆቹ አንድ ነገር ተረድተዋል፤ ያለ ፕላን ምንም አይገኝም። ስለዚህ ለፕላን ያመለክታሉ። ለማመልከቻው የቴራፒስት ሪፖርት ያስፈልጋል። ሪፖርቱን የምትጽፈው ያቺው ልጆች ታክም የነበረችው ባለሙያ ናት። አሁን ቀኗ በምዘናና በጽሑፍ ያልቃል። የምታክምበት ሰዓት ያንሳል። ወረፋው ይረዝማል። ብዙ ወላጅ ለፕላን ያመለክታል። ክቡ እንዲህ ነው የሚዞረው። በ2024 ከወጡት አዳዲስ ፕላኖች ውስጥ በሕግ በተቀመጠው የ20 ሳምንት ጊዜ የደረሱት ከግማሽ በታች ናቸው።

ባለሙያዎቹ ራሳቸው በዚህ ውስጥ ይደክማሉ። የንግግርና ቋንቋ ቴራፒስቶች ሮያል ኮሌጅ በ2023 ባደረገው የዳሰሳ ጥናት በእንግሊዝ የልጆች አገልግሎት ውስጥ ከአራት የሥራ ቦታ አንዱ ያህል ክፍት ነበር። ካውንስሉ ክፍል ኤፍን ለመፈጸም ከግል ድርጅት ሲገዛ ድርጅቱ የሚቀጥራት ቴራፒስት ብዙ ጊዜ ከዚያው አካባቢ ኤንኤችኤስ የወጣች ናት። ሰውየዋ አንድ ናት፤ ዋጋዋ ግን ጨምሯል። ልጁ ጭራሽ በሠፈሩ ትምህርት ቤት መቆየት ካልቻለና ወደ ግል ልዩ ትምህርት ቤት ከሄደ ደግሞ ወጪው በመንግሥት ልዩ ትምህርት ቤት ከሚወጣው በአማካይ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

ቀድሞ መድረስ እንደሚሠራ እናውቃለን

ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣው ሌላ መንገድ ስላልታወቀ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያጽናና ነበር። ግን ታውቋል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ሹር ስታርት የሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ለወላጆቻቸው ሁሉን በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረገ ነበር። ጨዋታ፣ የጤና ክትትል፣ የወላጅ ምክር፤ በብዙ ቦታ ስፒች ቴራፒስትም ነበረች። በ2010 ገደማ 1.8 ቢሊዮን ፓውንድ ይመደብለት ነበር። በ2017–18 ይህ ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። ማዕከላት ተዘጉ። የፊስካል ጥናት ኢንስቲትዩት በኋላ ላይ ልጆቹ ምን እንደሆኑ ተከታትሎ አየ። ማዕከል አጠገብ ያደጉ ልጆች በ16 ዓመታቸው ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ፤ በተለይ የድሃ ቤተሰብ ልጆች።

ለእኔ ከዚህም የሚበልጠው ሌላ ግኝት ነው። ማዕከላቱ በነበሩበት አካባቢ ልዩ ፍላጎት እንዳላቸው የተመዘገቡ ልጆች ቁጥር በአምስት ዓመት ዕድሜ ላይ ጨመረ። በ11 እና በ16 ዓመት ላይ ግን ቀነሰ። ችግሩ ቶሎ ታየ፤ ቶሎ ስለታየም ብዙው ተፈታ። አንድ የካውንስል የሒሳብ ኃላፊ ሊያነበው የሚገባ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። የአምስት ዓመቱን ቁጥር ብቻ ላየ ሰው ፕሮግራሙ ወጪ የሚጨምር ይመስላል። ትርፉ የሚታየው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፕሮግራሙ ተዘግቷል።

በካውንስል ደረጃም ምሳሌ አለ። ስቶክ ኦን ትሬንት በ2004 አንድ ዘመቻ ጀመረች። ያኔ መዋዕለ ሕፃናት ከሚገቡት ልጆቿ 64 በመቶ የሚሆኑት በቋንቋ የዘገዩ ሆነው ተገኝተው ነበር። ከተማዋ ቴራፒስት ብቻ አልቀጠረችም። ከልጅ ጋር የሚሠራውን ሰው ሁሉ አሠለጠነች፤ ሄልዝ ቪዚተሩን፣ የመዋዕለ ሕፃናት ሠራተኛውን፣ መምህሩን። በ2010 ቁጥሩ ወደ 39 በመቶ ወረደ።

ከትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ለአራትና አምስት ዓመት ልጆች የተዘጋጀ፣ ነፊልድ የሚባል የ20 ሳምንት የቋንቋ ፕሮግራም አለ። የሚሰጠው በሠለጠነ ረዳት መምህር ነው። በትልልቅ ሙከራዎች ተፈትኖ ልጆቹ በቋንቋ የሦስት ወር ያህል ተጨማሪ እድገት አሳይተዋል። መንግሥት ሥልጠናውን በነፃ ስላቀረበው በእንግሊዝ ካሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ ሁለት ሦስተኛው ገብተውበታል። ይህ ቴራፒስትን አይተካም። ግን ቴራፒስቷ በጣም ወደሚያስፈልጋት ልጅ እንድትደርስ ቦታ ይለቅላታል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። "ሁለት ቋንቋ ተምታቶበት ነው" ወይም "ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አባቱም እንደዚያ ነበር" ሲባል ሰምተናል። ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ መዛባትን አያመጣም። ልጁ በእውነት ችግር ካለበት በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ይታያል። ችግሩ ከእንግሊዝኛ ጋር አለመለማመድ ብቻ ከሆነ ግን ሕጉ ራሱ ልዩ ፍላጎት አይለውም። ስለዚህ ቴራፒስቷ ልጁ በቤት ውስጥ አፍ የፈታበትን ቋንቋ መጠየቅ አለባት፤ አስተርጓሚ መጠየቅም የእናንተ መብት ነው። አማርኛውን ተዉት የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ልጅ ቋንቋ የሚማረው እናትና አባቱ ዘና ብለው በሚያወሩት ቋንቋ ነው። ሁለት ዓመት ሞልቶት ጥቂት ቃላት ብቻ ካሉት ደግሞ ይደርሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ሄልዝ ቪዚተራችሁን ጠይቁ። በየካውንስሉ ለልዩ ፍላጎት ወላጆች ነፃና ገለልተኛ ምክር የሚሰጥ አገልግሎት መኖር ግዴታ ነው። ትምህርት ቤቱ ባያመለክትላችሁም ለኢኤችሲ ምዘና ወላጅ ራሱ ማመልከት ይችላል።

ወዴት ነው የሚሄደው?

መንግሥት ሥርዓቱን እለውጣለሁ ብሏል። በኅዳር 2025 በጀት ከ2028–29 ጀምሮ የልዩ ፍላጎት ወጪን ከካውንስሎች ወደ ማዕከላዊ መንግሥት እንደሚያዞር አስታውቋል። ሁሉም ልጅ ቀድሞ የቋንቋ ድጋፍ እንዲያገኝ በዘጠኝ የጤና ቦርድ አካባቢዎች ከ2023 ጀምሮ የሙከራ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ቴራፒስቶች ትምህርት ቤትና መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ገብተው ከሠራተኞቹ ጋር አብረው ይሠራሉ። ወረቀት ሳይጠብቁ ነው ልጆቹን የሚያዩት። ፋሚሊ ሀብ የሚባሉ የቤተሰብ ማዕከላትም እየተከፈቱ ነው። የሹር ስታርት ያህል ባይሆንም ጥሩ ነገር ነው።

የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ፕላን የሚያገኘው ልጅ ቁጥር በዛ፣ ስለዚህ መብቱን እናጥብበው የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ይነሳል። ፕላን የበዛው ወላጆች ወረቀት ስለሚወዱ አይደለም። ያለ ወረቀት የሚከፈት በር ስላጡ ነው። መጀመሪያ በሩ ይከፈት። ቴራፒስቷ በየትምህርት ቤቱ በሳምንት አንድ ቀን ትገኝ። ያኔ የፕላን ጥያቄ በራሱ ይቀንሳል። ሕጉ መጀመሪያ ቢላላ ግን ክፍል ኤፍ ላይ የተጻፈውም ገንዘብ "ቢኖር ጥሩ" ወደሚለው ዝርዝር ይወርዳል። ያ ዝርዝር በበጀት ስብሰባ ላይ ምን እንደሚገጥመው አይተናል።

ይህ ሁሉ በዌስትሚንስተር፣ በማዕከላዊው መንግሥት፣ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ካውንስሎች የሚቀጥለውን ዓመት በጀት የሚያጸድቁት በየዓመቱ በየካቲትና በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት የስኩልስ ፎረም የሚባል ጉባኤ ይቀመጣል። ርዕሳነ መምህራንና የትምህርት ቤት ቦርድ አባላት ያሉበት ነው። ከትምህርት ቤቶች በጀት እስከ 0.5 በመቶ የሚሆነው ወደ ከፍተኛ ፍላጎት እንዲዛወር መፍቀድ ይችላል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሰነዶቹም ካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ። ወላጆች ብዙም አይሄዱበትም፤ አብዛኛው ሰው መኖሩን አያውቅም።

እዚያ ለመጠየቅ የሚጠቅሙ ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ካውንስላችንና የጤና ቦርዱ ለልጆች ስፒች ቴራፒ በድምሩ ስንት ያወጣሉ? በጋራ የተፈረመ ውል አላቸው? ከቴራፒስቶቹ ሰዓት ስንቱ ለሪፖርት ይሄዳል፣ ስንቱስ ከልጅ ጋር? ፕላን የሌለው የአራት ዓመት ልጅ ዛሬ ቢላክ መቼ ይታያል? የመጨረሻዋን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ከጠፋ መልሱ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጻፍና በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲቀርብ ይጠየቅ።